ጽሑፉ የታጠበ ገል

ሰው እጁን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ንጹሕ ይባላል ትያለሽ፣ ሩባ?... ኧረ ዝም ብዬ ነው። ውሃው ቀዝቅዞ ደስ ብሎኝ ነው። ከጎህ ጀምሮ የጥንት ፍርስራሽ ሲቆፍሩ አቧራ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ገል ማጠብን የመሰለ ምን አለ? የማዳባ ፀሐይም ከኔ ጋር አርጅታለች መሰለኝ፣ እንደ ድሮው አትፋጅም።

አይ፣ አይ፣ የወንድሜ ልጅ! ብሩሹን አስቀምጪ። መጀመሪያ ነክረሽ አገላብጠሽ እይው፤ የጥንት ሰው በቀለም ጽፎበት ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ የለም... አንዳንዱ ግን ትጉህ ነው፣ እጁ አያርፍም።

በሃያ ዓመቴ እዚሁ አጠገቤ የሚያጥቡ አንድ ሰው ነበሩ። እንዴት ያለ ጽዳት መሰለሽ! ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አፈር ያልበላውን ጽሑፍ በሁለት ደቂቃ ፈግፍገው አበሩት። የአምስት መስመር ጥላ ብቻ ቀረ። ባልዲው ላይ የአጣቢዋን ስም የያዘ ወረቀት ይታሰራል አይደል? ስሜ ያለበት ወረቀት ከኔ ባልዲ ወደሳቸው ባልዲ ዞረ። ነፋስ ይሆናላ... የዚህ አገር ነፋስ ቋጠሮ መፍታት ያውቃል።

የቁፋሮው ኃላፊ ሲያባርረኝ እሳቸው አለቀሱልኝ። እናቴ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም!

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል ወንዝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሳፋም ይወስዳል። እኔን ብራዚል ጣለኝ። እስከ ዘንድሮ አርባ አራት ዓመት ጨርቅ እየሸጥኩ፣ የማልቆፍረውን መሬት ከመጽሐፍ አነበብኩ። የሳቸውንም መጽሐፍ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ስለ ጠፋው ጽሑፍ ሙሉ ምዕራፍ አለው፤ «አንዲት ልምድ የሌላት ልጅ አጠበችው» ይላል። ስሜን አለመጥራታቸው... እንዴት ያለ ደግነት ነው! ዛሬ እኔም ስም የማልጠራው ከሳቸው ተምሬ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? የኔው በብሩሽ ጠራ።

ጮክ አልኩ እንዴ? እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ሰሙ?... ይስሙ፣ ስለ ውሃ ነው የምናወራው።

ምን? ይህን ማዕሙል ብስኩት እሳቸው ናቸው አስይዘው የላኩሽ? ነገ በስማቸው የሚጠራው አዳራሽ ሲከፈት አጠገባቸው እንድቆም? «ያለፈው ይለፍ፣ ይቅር በይኝ» አሉ? ምን እንዳደረጉኝስ ተናገሩ?... እሱን አልላኩም። ማዕሙል ብቻ። ውስጡ ያለው ቴምር እንዴት ይጣፍጣል!

በይ ሳህናቸውን መልሺ። ባዶ አይመለስም፣ ይህችን ንጹሕ ገል አድርጊበት። እንዲህ በያቸው፦ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ። በአዳራሹ በር ላይ የተጻፈውን ስምዎን ዝናብ እንኳ አይንካው። ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ እርስዎን ይምሰሉ፤ በእርጅናዎም ከአጠገብዎ አይለዩ።

ይቅርታውን?... እሱን አልልክም። ለሳቸውም፣ ላባረረኝም፣ ወረቀቱ ከባልዲዬ ሲፈታ አይተው ዝም ላሉት ባልደረቦቼም። ማንንም ይቅር አልልም።