ያልተሰረዘው አንድ መስመር

የተከበራችሁ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ልትሸኙት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግር አላውቅበትም። እሱም የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ እሱ ግን ያውቅበት ነበር።

ታላቄ ነው። አንቱ ስለው "ስንት ሆኜ ታየሁህ?" ይለኝ ስለነበር ዛሬም አንተ እለዋለሁ።

እኛ መሥሪያ ቤት "ዝጋው" ነበር የምንለው። ለምን? መጽሐፍ ገልጦ የሚያስረዳ ሰው ካየ "ዝጋውና ንገረኝ" ስለሚል ነው። አለቃም ቢሆን፣ መሐንዲስም ቢሆን፣ ዝጋውና ንገረኝ።

ለመጀመሪያው የሙያ ፈተና ስዘጋጅ ስድስት መቶ ጥያቄ ከነመልሱ ሸምድጄ፣ ደረቴን ነፍቼ ማሽን ክፍል ገባሁ። "ጠይቀኝ ጋሼ" አልኩት። ጠየቀኝ።

"ሐ" አልኩ።

"ሐ ምንድን ነው?"

"ሐ ነዋ፣ መልሱ።"

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። "ነፍሰ ጡር ሊፍት ውስጥ ተይዛ ስትጣራ፣ ሐ ብለህ ልታወጣት ነው?" አለኝ። ፈተናው ላይ የጥያቄዎቹን አቀራረብ ቀየሩብኝና ወደቅኩ። ማን ሳቀ? እዚህ የቆማችሁ ባልደረቦቼ በሙሉ ሳቃችሁ። ማን አልሳቀም? ዝጋው። "ከሥራ ስትወጣ ቤት ና" አለኝ።

ቤቱ ስደርስ ባለቤቱ እትዬ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። እንዴት እንደሚያጠና ያን ቀን አየሁ። አንድ ገጽ ያነባል። መጽሐፉን ይዘጋል። ከዚያ ለእትዬ ያስረዳታል። እሷ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ "አልገባኝም" ትላለች። ተመልሶ ያነባል፣ ይዘጋል፣ ያስረዳል። "አልገባኝም።" ስንት ዓመት ሙሉ አልገባኝም አልሽው፣ እትዬ? አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣም። "ያልገባኝ እኔን ነው" ነበር የሚለው።

ይቺን የያዝኳትን ደብተሩን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያወቀውን አይጽፍባትም፤ ያላወቀውን ብቻ ነው። እትዬ "ገባኝ" ብትለው እንኳ ወዲያው አይሰርዝም። ሳምንት ይቆይና እንደገና ሳያይ ይናገረዋል። ሳይደናቀፍ ከተወጣው በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል። "ዛሬ ያወቅኩት ሳምንት ከጠፋኝ፣ ዛሬም አላወቅኩትም" ይል ነበር። እኔም በዚህ መንገድ አጥንቼ፣ የወደቅኩትን ፈተና በሁለተኛው አለፍኩ። ከእኛ ስንቶቻችን በእሱ ደብተር አለፍን?

ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ለአዲሶቹ ሞተሮች ፈተና ተመዘገበ። አለቃችን "ምን ያለፋሃል?" ቢለው "ሰው ይሳፈርበታል እኮ" አለ። በቃ፣ ይኸው ነበር መልሱ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ያን ፈተና እኔ አምና አልፌዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ስጠይቀው ደብተሯን ከትራሱ ሥር አወጣ። ያልተሰረዘ አንድ መስመር ቀርቶታል። "አዲሱ ሞተር መብራት ይመልሳል ይላሉ። እንዴት?" አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ጠፋኝ። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ፣ ጠፋኝ። "ሐሙስ አጥንቼ እመጣለሁ" አልኩት። "ዘግተህ ና" አለኝና ፈገግ አለ። አጠናሁ። ሐሙስ ጠዋት ልወጣ ጫማዬን ሳስር ስልኩ ተደወለ።

ጋሼ፣ ሐሙስ አልደረስኩልህም። ይኸው ደብተሯ ተዘግታለች፤ ስማኝ።

ባዶ ሊፍት ሲወጣ በገመዱ በሌላኛው ጫፍ ያለው ክብደት ይወርዳል። ክብደቱ ከባዶው ሊፍት ይበልጣል። ስለዚህ ያን ጊዜ ሞተሩ አይጎትትም፤ ክብደቱ ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ሌላ ነገር ሲያዞረው ደግሞ ሞተር መብራት ያመነጫል። ድሮ ያ መብራት ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። አዲሱ ለሕንፃው ይመልሰዋል።

እትዬ፣ ገባሽ?

አልገባሽም። እሺ፣ ያልገባኝ እኔን ነው። ዳይናሞ ያላት ሳይክል አስቢ። ቁልቁለት ስትወርጂ ፔዳል አትመቺም። ጎማው ግን በራሱ ይዞራል፣ ፊት ያለችውን አምፖል ያበራል። ክብደቱም ቁልቁል ሲወርድ እንደዚያው ነው።

አሁንስ?

አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤቶች፣ አይታችኋል።

ጋሼ፣ ገብቷታል። ዛሬ ግን አልሰርዘውም። የዛሬ ሳምንት መጥቼ እዚሁ ቆሜ፣ ሳላይ እደግምልሃለሁ። ካልተደናቀፍኩ ያኔ በቀይ እሰርዘዋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁን።