ዘመናይ አትሮጥም

— ሄሎ?... አዎ፣ ማንተገብሽ ነኝ። ማን ልበል?... ተዘራ! እንዲህ ለስልሰህ ስትናገር የባንክ ሰው መስለኸኝ ደነገጥኩ። እናትህ ደህና ናት?... እግዚአብሔር ይመስገን።

— የምን በዓል?... የስፖርት... ነጩም ጥቁሩም እኩል የሚጫወትበት... እናንተ በማትናሱ፣ በሰፈሩ ማዕከል፣ የምትሠሩት ናችሁ የምታዘጋጁት? ጥሩ፣ ተባረኩ። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?... ዳቦ። ... ደግሞ የአገር ልብስ ለብሰን እናጨብጭብ? ተዘራ፣ እዚህ እስራኤል ከገባን ስናጨበጭብ መዳፋችን ተላጠ እኮ!

— ዘመናይ! ኳሷን ግድግዳ ላይ ማንጠርሽን ተይ፣ ጎረቤት ይመጣብናል!... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ልጄ ናት። ቅርጫት ኳስ አሳበዳት።

— ምን አልክ? አሰልጣኙም ይመጣል?... ለከተማው የሴቶች ቡድን የሚመርጠው ያን ቀን ብቻ?... ቆይ፣ ባለፈው «እናንተ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ናችሁ፣ ሂጂና ሩጪ» ብሎ የመለሳት ሰውዬ ነው?... እሱ ራሱ! እሷ እንኳን ሜዳ፣ አውቶቡስም ላይ ሮጣ ደርሳ አታውቅም! ያን ቀን ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፣ ተዘራ። ... ይሁን፣ አሁን ይያት። መቼ ነው?... ረቡዕ? የትኛው ረቡዕ?

— ተዘራ... አንተ ተዘራ! ስግድ እኮ ነው፣ የቤተ እስራኤል በዓላችን!... እንዴት ይረሳል? እኛ ጾመን ከቄሶቹ ጋር ኢየሩሳሌም ስንወጣ፣ እነሱ ስለ እኛ እኩልነት ብቻቸውን ሊጫወቱ ነው? ሠርግ ደግሳችሁ ሙሽራዋን ትረሱ? ዳቦውንስ ማን ሊበላው ነው? አንተ ራስህ አትጾምም?

— ወረቀቱ ታትሟል... አለቃህ ትቆጣለች... ሚሪ? ትቆጣ! በላት፦ ቀኑን ካልቀየረች ከኢየሩሳሌም ስንመለስ ቤታችን አንገባም፤ አውቶቡሱን በሙሉ ይዘን ቀጥታ ሜዳችሁ ነን። ቄሶቹ ከነጥላቸው፣ እኛ ሴቶቹ ከነርሃባችን። የራበው ሰው አያጨበጭብም! ያላ፣ አሁኑኑ ጠይቃት። እጠብቃለሁ... ስልኩን አትዝጋ!

— አንቺ ደግሞ ምን ታፈጥጫለሽ? ጫማሽን እጠቢ!

— ሄሎ?... እህ... የሚቀጥለው እሑድ? አሰልጣኙም ያን ቀን ይመጣል?... ቤሰደር፣ እሺ! ተባረክ፣ የእናትህ ልጅ! ለሚሪም ዳቦ አመጣላታለሁ።

— ስሟ? ጻፍ፣ ዘመናይ... በምን ልመዝግባት ማለት?... ለእኛ ሰፈር፣ ለክርያት ሞሼ ልጆች ያላችሁት ሩጫ ብቻ ነው?... እስክሪብቶ ይዘሃል?... ሩጫ የሚለውን ሰርዘው። ... ሰረዝከው? ቅርጫት ኳስ በል። አስምርበት።

— ምናልባት አሰልጣኙ አሁንም ሩጪ ቢላትስ?... እሺ፣ ያኔ ትሮጣለች። ኳሱን ይዛ፣ እስከ ቤታችን ድረስ። ከቻለ ይድረስባት! በል፣ ደህና ዋል።