አስገርና ያልተቆረጡት ጭራዎች

ሐሙስ ጠዋት፣ በዴንማርኳ ሞርስ ደሴት ዳቦ ቤት ውስጥ፣ አስገር የመጨረሻውን የቀረፋ ኬክ ገዛ። ከኋላው ተራ የያዘች አንዲት ወጣት ኬኩን ስታይ ምራቋን ዋጥ አደረገች። እሱም ዞር ብሎ፣

«አትፍረጂብኝ ልጄ፤ ለራሴ አይደለም» አላት። «ዛሬ የአሳማዎቼን ደህንነት የሚገመግም ሰው ይመጣብኛል። አፉ ኬክ ከያዘ ብዙ አይናገርም ብዬ ነው።»

«ደህንነታቸው ያሰጋል እንዴ?»

«የኔዎቹን? ከኔ በላይ ተመችቷቸው ነው የሚኖሩት! ሦስት ቀን ሙሉ ክፍላቸውን ሳጥብ ሰነበትኩ። አንዲት ጭድ አልቀረችም። ወለሉ ላይ ፊትሽን ታዪበታለሽ።»

ወጣቷ ፈገግታዋን በአንገት ልብሷ ሸፈነች። «እንግዲያው ፊቴን ላየው ልምጣ። ቲራ እባላለሁ። ገምጋሚዋ እኔ ነኝ።»

አስገር በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከሬዲዮ ጋር እንኳ የሚከራከር ሰው ነው። ወረቀትና ማኅተም ካለው ሰው ፊት ግን ምላሱ ወዲያው ክራቫት ያስራል። አሁን «ልጄ» ያላትን ሴት በአንድ ትንፋሽ «እርስዎ» ብሎ ኬኩን በሁለት እጁ አቀረበላት። እሷም ሳትግደረደር ግማሹን በላችለት።

የጨነቀው ለወረቀቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ልጁ ሊስቤት ቁርጡን ነግራዋለች፦ «እርሻውን የምረከበው የአሳማ ግልገሎቹ ጭራቸው ሳይቆረጥ የሚያድጉበት ከሆነ ነው። ካልሆነ ለጎረቤት ሽጠው።» የአስገር ዘዴ ቀላል ነበር። ገምጋሚዋ «መልካም ነው» ብላ ከጻፈች፣ ወረቀቱን አሳይቶ ሊስቤትን ዝም ማሰኘት።

በረቱ ደጃፍ ላይ ጫማ ቀይረው፣ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ገቡ። ወለሉ እንደተባለው ያበራል። ቲራ ሃያ ግልገሎች ካሉበት ክፍል ገብታ ቁጢጥ አለችና ዝም አለች።

አስገር ጥቂት ታገሰ። «ምነው፣ አመመዎት?»

«እየጠበቅሁ ነው። ግልገል ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፤ ካልፈራ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መጥቶ ያሸተኛል።»

ግልገሎቹ ግን ጥግ ላይ እንደተደራረቡ ቀሩ።

«እርስዎን አያውቁዎትማ!» አለ አስገር ደረቱን ነፍቶ። «እኔን ይዩ። በልጅነቱ በእጄ ያላለፈ የለም።» ገብቶ ቁጢጥ ሲል ግልገሎቹ እየጮኹ አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ።

ሰው በገዛ ቤቱ ሰላምታ ሲነፈግ ምን ይላል? አስገር የቱታውን አዝራር ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ።

«በእጅዎ ሲያልፉ እጅዎ ምን ይዞ ነበር?» አለች ቲራ ቀስ ብላ።

«መቁረጫ። ጭራቸውን እቆርጥበታለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ካልቆረጥኩት ይነካከሱታል። አባቴም ቆርጧል፣ አያቴም...» ትንሽ አሰበ። «አያቴ እንኳ አልቆረጠም። የሱ ግን ስድስት አሳማ ነበር።»

«ምን ላይ ነበር የሚያሳድጋቸው?»

«ጭድ ላይ። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ይውላሉ። ቆሻሻ!»

ቲራ ሳቋን ዋጠች። «መልሱን ራስዎ ነገሩኝ ጋሼ አስገር። አፍንጫቸው የተሠራው ለመቆፈር ነው። የሚቆፍሩት ሲያጡ ጓደኛቸውን ይቆፍራሉ። ያንን የቆሰለውን ይዩ፤ ጭራ ሲያጡ ጆሮው ላይ ዞረውበታል። ጭራ መነካከሳቸው የችግር ምልክት ነው። ትራክተርዎ የዘይት ማስጠንቀቂያ መብራት ሲያበራብዎ አምፖሉን ይነቅላሉ?»

አስገር ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዴ ነቅያለሁ።»

«እና?»

«ሞተሩ ተቃጠለ።»

ሳቁ። ሽማግሌው ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልነበረም። «ጭዱ የቆሻሻ መውረጃውን ቢደፍነውስ? ማን ይጠርጋል? እርስዎ?»

«ከፍ ባለ መያዣ ጥቂት ጥቂት ያድርጉላቸው፤ እየጎተቱ ስለሚያኝኩት ብዙ አይወርድም። ደግሞ በአንድ ክፍል ከሃያ ወደ አሥራ አራት ይቀንሷቸው። አዲስ ከሚወለዱት ለአንድ ክፍል የሚበቁትን ብቻ ሳይቆርጡ ይሞክሩ። ካልሆነ ደውለው ይስደቡኝ።»

«በስድብ አልታማም። የዛሬው ወረቀትስ?»

«ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

«ኬኬን በልተሽ?» አላት። «እርስዎ» የሚለው ቃል ሳይሰናበት ከአፉ ወጥቶ ሄዷል።

«ጣፋጭ ነበር» አለች ቲራ። «ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

ወረቀቱ ክፉ ነበር። አስገር ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ ደበቀው፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ ደውሎ ለሊስቤት አነበበላት። «ወድቄያለሁ» አላት። «ጥቂት ወራት ታገሽኝ።»

አስገር ለሙከራ ጭራቸውን ያልቆረጣቸው አሥራ አራት ግልገሎች ወደ ክፍላቸው በገቡ በሁለተኛው ሳምንት የቲራ ስልክ ጮኸ። «ነከሱት! አላልኩሽም?»

«ስንቱን?»

«አንዱን።»

«ጭዱ መቼ አለቀ?»

«...ትናንት ጠዋት።»

የተነከሰውን ለይቶ አከመ፤ መያዣውን ሞላ። ከዚያ በኋላ ጭድ አላለቀም፣ ጭራም አልተነከሰም። የቀረውን አስገር ራሱ ለጎረቤቶቹ ሳይጠየቅ ይሰብካል፦ በዚያ ክፍል ጆሮ የሚቆስል ግልገል የለም፤ የመድኃኒት መርፌው ቀንሷል፤ ሁሉም እኩል ይፋፋሉ እንጂ አንዱ ሲወፍር ሌላው አይከሳም፤ የሱም ወገብ ለአሥራ አራቱ ቆረጣ ከመጎንበስ ተገላግሏል። ድሮ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሚቀበለው ጩኸት ነበር። አሁን ማኘክ ይሰማል።

ቲራ ተመልሳ በመጣችበት ቀን ያልተቆረጡት ግልገሎች ክፍል ውስጥ ቁጢጥ ያለው አስገር ነበር። እሷ ከውጭ ሰዓቷን ትመለከታለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጭራው የተጠቀለለ ግልገል መጥቶ ጉልበቱን አሸተተ፤ ከዚያም የቱታውን እግር በጥርሱ ያዘ። ያኔ የኪሱ ስልክ ጮኸ።

«አባዬ፣ ግምገማው እንዴት ሆነ?» አለች ሊስቤት።

«ቀስ በይ፣ መንቀሳቀስ አልችልም። እየተገመገምኩ ነው።»

«ማን ነው የሚገመግምህ?»

«አሥራ አራት ናቸው። ቀጥለው የሚወለዱትንም ሁሉ አልቆርጥም።»

«መቁረጫውንስ ምን አደረግከው?»

«የጭዱን ነዶ ገመድ እቆርጥበታለሁ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ዕቃዬን ጭኜ እርሻውን ልረከብ እመጣለሁ» አለች ሊስቤት።

አስገር እንባ ያቀረረ ዓይኑን ቲራ እንዳታይበት ሊነሳ ሲል ግልገሉ የቱታውን እግር ጎተተው። መልሶ ቁጢጥ አለ።