ኦርቪል ለሠርጉ ምስክር ከመሆኑ በፊት

ባለፈው ኅዳር፣ በአሜሪካዋ የሐይቅ ዳር ከተማ በዱሉት የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት፣ የክረምት ጎማ ላስቀይር ሄጄ ጋራዡ ውስጥ ጎረቤቴን ኦርቪልን አገኘሁት። አርባ ዓመት በሐይቁ መርከቦች ላይ በመካኒክነት የሠራ ሰው ነው። አጠገቡ ያሳደገው የወንድሙ ልጅ ኒልስ ተቀምጦ ይከራከራሉ። ኒልስ በሰኔ ብሪታን ሊያገባ ነው፤ አጎቱን ምስክር ይሁኑልኝ ቢል እምቢ ተብሏል።

ኦርቪል እምቢ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ኒልስ በስልክ ሊነጋገር ወጥቶ ቢዘገይ፣ ብሪታ «ትቶኝ ሄደ» ብላ አለቀሰች፤ ሊያረጋጋት የሞከረውን ኦርቪልን ሰድባ፣ ቀለበቷን ሳህን ላይ ጥላ ወጣች። በማግስቱ ደግሞ ኒልስን አትለየኝ ብላ ስትለምን ዋለች።

«አመል ነው፤ አመል ደግሞ አይድንም» አለ ኦርቪል።

«አመል ብቻ አይደለም፣ አጎቴ። ሐኪሞች ቦርደርላይን የሚሉት የስብዕና መታወክ ነው። የምትወደው ሰው ትንሽ ከራቃት ጨርሶ የተተወች ይመስላታል። ግን ይታከማል፤ ብዙዎች ይሻላቸዋል።»

«እና አንተ ሐኪሟ ነህ?»

«አይደለሁም። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሥራዬን ትቼ ቀኑን ሙሉ መልእክት ስመልስላት ባሰባት። አሁን የምመለስበትን ሰዓት ነግሬያት በሰዓቱ እመለሳለሁ። ስትሰድበኝ ግን ስንረጋጋ እንነጋገራለን ብዬ ከክፍሉ እወጣለሁ።»

«እጇን ብታነሳብህስ?»

«እሄዳለሁ። ነግሬያታለሁም። ሕመም ሰው ለመምታት ፈቃድ አይሆንም።»

እኔ አስተማሪ ነኝና ይህን መልስ ወደድኩት፤ ፍቅር ወሰን ሲኖረው ይጸናል እንጂ አይቀንስም። ለኦርቪል ግን አልተዋጠለትም።

በዚህ መሐል ብሪታ ከሕክምናዋ መጣች። ኒልስ በአራት ሰዓት ሊወስዳት ቀጥሯት፣ የመኪናው ጎማ ቅየራ ሲዘገይ መደወሉን ረስቶ ነበር። ፊቷ ቀልቷል። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ ተመልሳ ወጣች። በመስኮቱ ስናያት በረዶ አፍሳ በሁለት እጇ ጨምቃ ቆመች። ስትመለስ ውሃው ከጣቶቿ ይንጠባጠባል።

«ስትቀር ፈራሁ» አለችው ኒልስን። «ሌላ ጊዜ ደውልልኝ።» ወደ ኦርቪልም ዞረች። «እሑድ ለሰደብኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታማ ነው ብለው እንዲያልፉት አልፈልግም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ኦርቪል በረዶው ምን እንደሚያደርግላት ጠየቃት።

«ብርዱ ያዘገየኛል። አፌ ሳይቀድም አእምሮዬ ይደርሳል።»

ኦርቪልም «በስልሳ ስምንት ዓመቴ ተናድጄ አፌን የዘጋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከእህቴ ጋር የተኳረፍኩትም በዚሁ አፌ ነው» አለ፤ ቀጥሎም ምስክር የሚቆመው በየትኛው በኩል እንደሆነ ኒልስን ጠየቀው።

ያን ክረምት ኦርቪል ብሪታ በምትታከምበት ቦታ ለታካሚ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ትምህርት አንድም ቀን ሳያጓድል ተከታተለ። ብሪታ ጨርሳ ዳነች አልልም። ነገር ግን ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ጠብ ለእራት ሳይደርስ ማለቅ ጀመረ፤ ኒልስም ትቶት ወደነበረው ዓሣ ማጥመድ ተመለሰ። በሰኔ ኦርቪል ቃሉን ጠብቆ ምስክር ሆነ። ሰባት ዓመት ያኮረፋት እህቱም፣ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋት፣ ሠርጉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።