የጋሽ መብረቅ ትንፋሽ

እኔ ከበሮ መቺ ነኝና ትንፋሽ አጥሮኝ አያውቅም። በነፊዎች ሙግት ገብቼ መፍረድ አይገባኝ ይሆናል፤ ግን ያየሁትን ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም።

አንድ ጠዋት ባንዳችን በሚለማመድበት ቤት በር ላይ ጋሽ መብረቅን አገኘኋቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ ትራምፔታቸው መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበርና። የትራምፔቱን ሳጥን አቅፈውታል።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ለዕቃ ክፍሉ ልመልሰው። በቃኝ! ያቺን ረጅም ዜማ ትንፋሽ እያጠረኝ መሃል ላይ እየቆረጥኩ አልጫወትም። ባለቤቴ እኮ ልብስ እያጠበች፣ የመጨረሻዋ ድምፅ እስክታልቅ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አሁን ዜማዋን ስቆርጣት እሷን ዳግመኛ የምቀብራት ይመስለኛል።»

ይህን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ ትሮምቦን የተማረችው፣ ቁመቷን የሚያህል እንጨት ተሸክማ ደረሰች።

«ደግሞ እንጨት ለቀማ ጀመርሽ?»

«ዲጅሪዱ ይባላል ጋሼ። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚነፉት፣ ውስጡን ምስጥ የበላው ግንድ ነው።»

«እሱን ምስጥ በላው፣ እኔን ጊዜ በላኝ፤ ጥሩ አገናኘሽን!»

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትንፋሽ ሲያጥርዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ትራምፔቱን ከንፈሬ ላይ ጫን ነዋ! ይቺን ቀለበት አታዪም?» አሉና የትራምፔቱ አፍ የተወባቸውን የከንፈራቸውን ክብ ጠባሳ አሳዩዋት። በእኛ ባንድ ያ ጠባሳ ሹመት ነው፤ የሌለው ነፊ አይከበርም። አይ ሞኝነታችን!

«የጎዳዎ እሱ ነው እኮ። ሲጫኑት ከንፈር ይደነዝዛል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ይኼ ግንድ ግን ከተጫኑት እሺ አይልም፤ ከንፈር ላላ ሲል ነው የሚናገረው። ደግሞ ጉንጭዎ ውስጥ አየር ያጠራቅሙና፣ እሱን እየገፉ በአፍንጫዎ አዲስ ይስባሉ። ድምፁ አይቋረጥም።»

«እያስወጡ ማስገባት? በአንድ በር?»

«በሩ ሁለት ነው ጋሼ፤ አፍና አፍንጫ።»

«ታዲያ በትራምፔቱ ለምን አላስተማርሽኝም?»

«በትራምፔቱ ትንሿም ስህተት ትሰማለች፤ ደንግጠው መልሰው ይጫኑታል። በዚህ ግንድ ቢሳሳቱ ማን ያውቅብዎታል?»

እያጉረመረሙ ነፉ። ግንዱ እንደ በሬ ጓጎረ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከባለቤታቸው ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ሳጥኑንም ግንዱንም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቻቸው ስንት ጊዜ እንደረገሟቸው እነሱ ይናገሩ።

ወራት አለፉና ያቺን ዜማ እንጫወት አሉ። ዜማዋ የምትቆረጥበት ቦታ ላይ ከበሮዬን አከታትዬ መትቼ ገመናቸውን መሸፈን ልማዴ ነበር። ቦታው ሲደርስ በትሬን አነሳሁ፤ ዜማው አልተቆረጠም! ጉንጫቸው ነፋ አለ፣ አፍንጫቸው ሳብ አደረገ፣ ድምፁ ቀጠለ። በትሬ አየር ላይ ቀረ።

ሲጨርሱ ወደ ወጣቶቹ ዞሩ። «ልጆቼ፣ በቀለበት አትኩሩ። እኔ ጉልበት ያነሰኝ መስሎኝ ስጫን ነው የኖርኩት። ያ ግንድ ከንፈሬን አላላልኝ፣ ሆዴን አሠራልኝ፣ ትንፋሼን መቆጠብ አስተማረኝ። ከእናንተ ያነሰ ቢያስተምራችሁም ስሙ።»

የወንድማቸው ልጅ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ባለቤቴ እንዲህ ሳልቆርጥ ስነፋ ብትሰማኝ ኖሮ» አሉ፣ «ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ ታልቅብኝ ነበር!»

ሳቅን። እሳቸውም እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና «እንደገና» አሉን።