ከራኩባው ምሰሶ የታሰረው መቀነት

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ስፌት ስለማመድ፣ ሽንፋ መናኸሪያ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰምቼ ነበር። አንደኛዋ፣ «ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ ወይስ ቀበሌው?» አለች። ሁለተኛዋ የመለሰችላትን የመኪና ጩኸት ዋጠው፤ ሰምቼውም ከሆነ ረስቼዋለሁ። ጥያቄውን ግን ባለፈው ጥቅምት እዚህ ድንበሩ አጠገብ፣ ኮኪት ላይ ደግሜ ሰማሁት።

የስፌት መኪናዬ የቆመው ሀብትነሽ ሻይ በምትሸጥበት ራኩባ ጥግ ነው፤ ጣራው ሣር የሆነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ። ሀብትነሽ ከበለሳ ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ የቀረች ሴት ናት፤ ባሏ እርሻ ላይ ነው የሚሰነብት። በአጨዳው ወር ሠራተኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚጎርፍባት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ሠላማዊትን ወገቧን በመቀነት ታስርና ጫፉን ከምሰሶው ጋር ትቋጥረዋለች። በአንድ በኩል ፍም፣ በሌላ በኩል የጭነት መኪና መንገድ ነውና ማንም አልፈረደባትም። እኔም አልፈረድሁም።

አንድ ጠዋት ቀበሌው ውስጥ በሕጻናት ጉዳይ የምትሠራው ወጣት፣ ትሕትና፣ ሻይ ልትጠጣ ገባች። መቀነቱን ስታይ ሻዩን ሳትቀምስ ደብተሯን አወጣች።

«እህቴ፣ ልጅ እንደ ፍየል አይታሰርም። ሁለተኛ ካየሁ ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሄዳል። ልጅቷም ለዘመድ ልትሰጥ ትችላለች።»

ሀብትነሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ልጄን ልትወስጂ መጥተሽ እህቴ አትበይኝ! ክትባት አላችሁ፣ መጣሁ። የልደት ምዝገባ ብላችሁ ሦስት ቀን አመላለሳችሁኝ፣ ተመላለስሁ። ወባ ሲጥላት ግን አንዳችሁም ደጄን አልረገጣችሁ። ልጄን የማሳድጋት እኔ ነኝ ወይስ ቀበሌው?»

መቀሴ እጄ ላይ ቆመ።

ጎረቤታችን እማማ ሉባባ ወንበራቸውን እየጎተቱ ተጠጉ። ማዶ ሱዳን ብዙ ዘመን የነገዱ አሮጊት ናቸው። «ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ እናትሽ አላሰረችሽም? እኔ ስድስት ልጅ በመቀነት አሳድጌያለሁ። ሰባተኛውን ያላሰርኩት ዕለት ወንዙ ወሰደው። እሱንም ደብተርሽ ላይ ጻፊው።»

ትሕትና ብዕሯን ከደነች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ አልነበረም።

«አላህ ያጽናዎት እማማ፤ አላውቅም ነበር። መቀነቱ ከእሳቱና ከመኪናው እንደሚጠብቃት አልክድም። ግን እሳቱ ራሱ ወደ እሷ ቢመጣስ? ይሄ ጣራ እኮ ሣር ነው።»

«እፈታታለኋ!» አለች ሀብትነሽ።

«እስኪ አሁን ፍቻት። እኔ እቆጥራለሁ።»

ሀብትነሽ እየሳቀች ተንበረከከች። ሠላማዊት ግን ጠዋት ውኃ ስታንቦጫርቅ መቀነቱ ርሶ ቋጠሮው ጠብቋል። አሥር ተቆጠረ። ሃያ። የእናትየው ሳቅ ጠፋ፤ በጥርሷ ትነክሰው ጀመር። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት የእናቷን ሹሩባ ትጎትታለች። ሠላሳ ላይ ትሕትናም መቁጠር አቃታት። ተነሥቼ በልብስ መቀሴ ቆረጥሁት።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ ምሰሶ በሁለት እርምጃ ርቀት ስንት ወር ተቀምጬ፣ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ልያዛት» አላልሁም።

«ይኸው ተፈታች» አለች ሀብትነሽ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ። «እውነትሽን ነው። ግን አሁን ማን ይያዛት? አትሰሪ ማለትማ ቀላል ነው። በአንድ እጄ የፈላ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ልጅ ይዤ እንዴት ልሥራ?»

እኔ ብዙ አልናገርም፤ ያን ዕለት ግን ተናገርሁ። «የእማማ ግቢ አጥር አለው። እዚህ ጎን የሚነግዱት ረቢዓና ውድነሽም ልጆቻቸውን የሚያስሩት ቸግሯቸው ነው። በየተራ አንዳችሁ ከእማማ ጋር ብትውል ሌሎቻችሁ ትሠራላችሁ። ሲጎድል እኔም አለሁ።»

«አበባው፣ በእኔ ጉልበት ነው የምታዝዘው?» አሉኝ እማማ።

«እርስዎ ይቀመጡ፤ የሚሮጠው ሌላ ነው» አለች ትሕትና ፊቷ በርቶ። «ልጅ ከልጅ ጋር ሲውል አፉ ቶሎ ይፈታል። ትኩሳት የያዘውም ሳይከፋበት ይታወቃል። እናትም ልቧ ሥራዋ ላይ ይሆናል።»

«ቢሮሽስ ምን ሊያደርግ ነው?» አሉ እማማ።

«በጀት እንጠይቅና...»

«ኸላስ፣ በቃ! በጀቱ እስኪመጣ እነዚህ አግብተው ይወልዳሉ!»

ሀብትነሽ ሳቀች፤ ትሕትናም አልቀረች።

ዛሬ በእማማ ግቢ ሰባት ልጆች ይውላሉ፤ እማማም ስማቸውን እያደባለቁ ይጠሯቸዋል። ሠላማዊት በዐረብኛም በአማርኛም ትሳደባለች። ሀብትነሽ ሻይ ስትቀዳ ወደ ምሰሶው ዘወር ዘወር ማለት ትታለች፤ ትሕትና ስትመጣም አትደነግጥም። መከልከል የአንድ ቃል ሥራ ነው። የከለከለ ሰው ግን ሸክሙን አብሮ ካነሣ ወላጅ ይሰማዋል፤ ወላጅም ልጁን ብሎ የመጣውን ሁሉ ባላጋራ ባያደርገው ይጠቀማል። ለሽንፋዋ ሴት ምን ተብሎ እንደተመለሰላት ዛሬም አላውቅም። መቀነቱ የተቆረጠ ዕለት እኛ ዘንድ የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ተራውን ስንደለድል ቅዳሜ ባዶ ቀረ፤ ገበያ ነውና የማንም እጅ አይፈታም። ሁላችንም ትሕትናን አየናት።

«ቅዳሜ እኮ የዕረፍት ቀኔ ነው» አለች።

«እሱን ነው የምንልሽ» አሉ እማማ።

ትሕትና ወደ ሠላማዊት ተመለከተች። ልጅቷ የተቆረጠውን መቀነት እየጎተተች በራኩባው ውስጥ ትዞራለች።

«እሺ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኔ ተራ ይሁን።»

«ደብተርሽን ግን ቢሮ ትተሽ።»

«ትቼው እመጣለሁ፣ እማማ።»