ለእመጫቷ የተሸጠው እንጆሪ

በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሳሪስ አቦ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ፣ ሳላስበው ከሰው ጭቅጭቅ መሐል ገባሁ። ተጨቃጫቂዎቹን ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንዱ ጋሽ ሰቦቃ ናቸው፤ ከምድር ባቡር ጡረታ ወጥተው፣ አቃቂ በጓሯቸው እንጆሪ እያለሙ የሚሸጡ የተከበሩ ሽማግሌ። ሌላዋ ሐጀራ፣ ባዮሎጂ ያስተማርኳት የባለሱቁ የሻፊ ልጅ፣ በአትክልት ልማት ተመርቃ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት። በመሐላቸው ጎረቤታችን አስካለች የአራት ወር ሕፃን አዝላ አንገቷን ደፍታለች።

«መምህር፣ ይስሙልኝ!» አለች ሐጀራ ገና ስታየኝ። «አስካለች ጤና ጣቢያ ለደም ማነሷ የሰጣትን ኪኒን ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው። ጋሽ ሰቦቃ እንጆሪው ደም ይተካል፣ ኪኒኑን ተይው ስላሏት!»

ጋሽ ሰቦቃ ተቆጡ። «ታዲያ ምን አጠፋሁ? ፍራፍሬ ጥሩ ነው ብላችሁ የምታስተምሩት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?»

«ጥሩ ነው» አልኩ፤ «መድኃኒት ግን አይደለም።»

«ጥሩነቱም እንደ ዝርያውና እንደ አያያዙ ነው» አለች ሐጀራ። «ጋሼ፣ ይሄን እንዴት ነው የሚያበቅሉት?»

ሽማግሌው ስለ ሙያቸው በመጠየቃቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም። አዲስ ዝርያ መሆኑን፣ ዩሪያ በየሳምንቱ እንደሚሰጡት፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ከላይ ጆንያ እንደሚዘረጉበት ነገሩን። መንገድ ላይ እንዳይፈርጥም ጎኑ ነጭ ሳለ ይለቅሙታል።

«ወይ ጉድ!» አለች። «የእንጆሪ ደማቅ ቀለምና መዓዛ ተክሉ ራሱን ከፀሐይና ከተባይ ለመጠበቅ የሚሠራው ነው። ለእኛም ይጠቅማል የሚባለው እሱው ነው። እርስዎ ግን ፀሐዩን ከለከሉት፣ በዩሪያ ቅጠልና ውሃ አደረጉት፣ ሳይበስል ቆረጡት። ዘንቢል ውስጥ ቢቀላ እንኳ አይጣፍጥም። ለዚች እመጫት የሸጡላት ቀለም የነካው ውሃ ነው!»

«ልጅ ሆነሽ አትዝለፊኝ! ዝርያው ምን አደረገሽ? እንቁላል የሚያህል ነው!»

«ትልቅነቱ ጥፋት አይደለም፤ ትልቅ ሆኖ ግሩም የሆነም አለ። ይሄኛው ግን ውስጡ ነጭ ነው። እዚያ ፌስታል ውስጥ ያሉት ትንንሾቹስ?»

«እነሱ አይሸጡም። አጥር ሥር የቀሩ የድሮዎቹ ናቸው። እዚሁ ሳሪስ ላለችው ልጄ የምወስድላት ነው፤ ልጆቿ ሌላውን አይበሉላትም።»

«ለምን አይበሉም?»

ጋሽ ሰቦቃ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

እኔም ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ። «የልጅ ልጆችዎ የተፉትን ነው እንዴ ለታመመች ሴት መድኃኒት ብለው የሚሸጡት?» አልኳቸው። ለሽማግሌ የማይገባ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ወጣ። ደግሞ ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። እኛ ገዢዎቹ በዓይናችን እየለካን ትልቅ ትልቁን ስንመርጥ፣ ሻጭ ምን ያድርግ?

ሽማግሌው ከዘንቢሉ አንድ፣ ከፌስታሉ አንድ አንስተው በየተራ ቀመሱ። ረጅም ጊዜ አላመጡ።

«ይሄኛው ሽታም የለው» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ዘንቢሉ እያዩ። «ለሽያጭ ያወጣሁትን ቀምሼው አላውቅም።» ከዚያ ወደ አስካለች ዞሩ። «ልጄ፣ ያወቅሁ መስሎኝ አሳሳትኩሽ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ኪኒኑን ጀምሪ። ይቅር በይኝ።»

አስካለች እንባዋ መጣ። ሐጀራ ሕፃኑን ተቀብላት ይዛት ሄደች።

በበጋው ጋሽ ሰቦቃ ጆንያውን አነሱ፤ ዩሪያውን ቀንሰው በደንብ የበሰበሰ ፍግ ጨመሩ። ሐጀራ እስከ ውስጡ የሚቀላ ዝርያ አመጣችላቸው። ድፍን ቀይ ሲሆን ብቻ ጠዋት ለቅመው በዚያው ቀን ይሸጡ ጀመር። ምርቱ አነሰ፤ ጣዕሙና መዓዛው ግን ሰውን ደጃቸው ድረስ አመጣ፤ የማዳበሪያ ወጪያቸውም ቀለለ። አስካለችም ኪኒኗን ጨርሳ፣ በደንብ እየበላች፣ ፊቷ ወዘና አገኘ።

አንድ ቀን ጓሯቸው ሄጄ ጋሽ ሰቦቃን በርከክ ብለው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ሐጀራ አጠገባቸው ቆማለች። ቀና ብለው አዩአትና፣

«በይ አስተማሪዬ» አሏት፣ «ለከርሞ ደግሞ ምን እንሞክር?»